ሳናነበው ያለፍነው ሰው፤ ሮጀር ካውሊና የአንድምታው ትርጓሜ

እንደ እኛ ባለ የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ቄስ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ለውግዘት ነው። ቄሱ እንግሊዛዊ፣ በዚያም ላይ ሚስዮናዊ ሆኖ ሲገኝ ውግዘቱ ሳይነበብ ይታወቃል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚመለከት ጓድ ገና ከአርእስቱ ቢጠራጠር አልፈርድበትም። የማነሣው ሰው ሮጀር ካውሊ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበር። ይህች ቤተ ክርስቲያን የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እናት ናት፤ በዚህ በአሜሪካ ልጇ ኤጲስቆጶሳዊት ትባላለች፤ እዚህ ሚድታውን ውስጥ በዌስት ፒችትሪና በኖርዝ አቬኑ መጋጠሚያ ላይ ቆማ በአጠገቧ የምናልፈው የኦል ሴንትስ ቤተ ክርስቲያንም የዚያው ዘር ናት። ካውሊ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ቤተ እስራኤልን ወደ ክርስትና ለማምጣት ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲደክም በኖረው ሚስዮን ሥር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ካሰሯቸው አውሮፓውያን አንዱ የነበረው ሄንሪ ስተርን የዚያው ሚስዮን ሰው እንደ ነበረ የታሪክ አንባቢ ያስታውሳል።

እንግዲህ የክሱ መዝገብ ሙሉ ነው። ይሁን እንጂ ከመዝገቡ ባሻገር መጻሕፍቱ አሉ። እነዚህ መጻሕፍት በአማርኛ ቋንቋ ከተሠሩት የምርምር ሥራዎች ሁሉ ትልቁን፣ ይኸውም የመጽሐፍ ቅዱስን የአንድምታ ትርጓሜ፣ ዘዴ እንዳለው፣ ምንጭ እንዳለው፣ ታሪክ እንዳለው ዕውቀት አድርገው በዓለም ሊቃውንት ፊት ያቆሙ ናቸው። እኛ ግን አላነበብናቸውም፤ ያላነበብንበትም ምክንያት የሚያስከብረን አይደለም። ይህን ሂስ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ቦታውንና ዘመኑን እናስታውስ (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1965 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ዲሴምበር 28 ቀን 1969 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ወደቀ፤ በማግሥቱ ወታደሮች የስድስት ኪሎን ግቢ ጥሰው ገብተው አስከሬኑን ከብበው የነበሩትን ተማሪዎች ገደሉ። በዚያው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ነበረ። ተቋሙ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ካውሊ በ1971 ስለ «ባለ አንድም» ትርጓሜዎች የመጀመሪያ ማስታወሻውን አወጣ፤ በ1972 ስለ አንድምታው ትውፊት አጀማመር ጻፈ፤ አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 ደግሞ በአንድምታው ውስጥ ስለሚገኙት የብሉይ ኪዳን መቅድሞች ረጅም ጥናት ጨመረ። ከእነዚህም በፊት በ1967 በዚያው መጽሔት ላይ ስለ አማርኛ አጻጻፍ መስተካከል ጽፎ ነበር፤ በ«ሰ» እና በ«ሠ»፣ በ«ሀ» እና በ«ሐ» ስንጨቃጨቅ የእትም ቀን ለሚያልፍብን የመጽሔት አዘጋጆች ይህ ብቻ እንኳ ወዳጃችን ሊያደርገው ይገባ ነበር።

ሁለት ዓይነት ንባብ በአንድ አጥር ውስጥ ይካሄድ ነበር ማለት ነው። በአንዱ ክፍል ማርክስ፣ ሌኒንና ፋኖን ይነበባሉ፤ በሌላው ክፍል የመምህር ኤስድሮስ ትውፊት ይመረመራል። አንዱ የሌላውን ድምፅ አልሰማም። በዚያ ሰዓት ስለ ሕዝቅኤል ትርጓሜ የሚጨነቅ ተማሪ ቢገኝ ጓደኞቹ ምን ይሉት እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም። ጓደኞቹ በረኀብና በጭሰኝነት ጥያቄ ተይዘው ስለ ነበረ በዚያ ሰዓት በነበራቸው ትዕግሥት ማጣት አልፈርድም። የምፈርደው ሰዓቱ ካለፈ በኋላም ንቀቱ ሳይመረመር ወደ እኛ መውረሱ ላይ ነው።

በዘመናዊ ትምህርት ቤት ላደግነው አንድምታ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልግለጽ። መምህሩ ከግእዙ አንድ ሐረግ ያነባል፤ ነጠላ ትርጉሙን በአማርኛ ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ይላል፤ በመካከሉ ሐተታ ያስገባል፣ ታሪክ ይተርካል፣ ከሌላ መጽሐፍ ምስክር ይጠራል። ትምህርቱ በአራት ጉባኤያት የተከፈለ ነው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። ተማሪው ከአባቱ ቤት ርቆ በሣር ጎጆ እያደረ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ የሰፈሩን ውሻ እየተከላከለ፣ ይህን ሁሉ ለዓመታት በቃሉ ይይዛል። ከ1910ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ከአንድምታው ከፊሉ በአዲስ አበባ ታትሟል፤ ከዚያ በፊት ግን የሚኖረው በመምህሩ ቃልና በተማሪው ጆሮ፣ አልፎ አልፎም በብራና ላይ ነበረ። የአማርኛ ስድ ንባብ በ1908 ሮማ ከታተመው ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ይጀምራል ብለን ስንማር ይህን የጎንደር ዘመን ጠረን ያለውን፣ አጭር፣ ቁጥብና ነገር አዋቂ አማርኛ ማንም አላነሣልንም።

ካውሊ ወደዚህ ሥራ የገባው ሦስት ጥያቄዎች ይዞ ነው፤ መቼ ተጀመረ? እነማን ሠሩት? ከየት አገኙት? በ1972ቱ ጥናት የተከተለው መንገድ እስካሁን ያስደንቀኛል። ሊቃውንቱ ራሳቸው የሚቆጥሩትን የመምህራን ሐረግ፣ ማን ከማን እንደ ተማረ፣ ተከትሎ ሄዷል። በጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ሁለት ወገኖች እንዴት እንደ ተለያዩ፣ ትውፊቱ ታች ቤትን ከመምህር ኤስድሮስ ጋር ለምን እንደሚያያይዝ መረመረ። የቃል ትውፊትን እንደ ተረት አልጣለውም፤ እንደ ወንጌልም አልተቀበለውም። እንደ ምስክር አቁሞ ከብራናው ጋር አፋጠጠው። ስለ አገራችን ከጻፉት የውጭ ሰዎች መካከል ይህን ሚዛን የጠበቁት ብዙ አይደሉም፤ ከአገራችን ሰዎችም እንደዚሁ።

ከጽሑፎቹ ሁሉ ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ከፍተኛ ትምህርት የምትሰጠው ግን በ1974 ጀርመን አገር በሚታተም የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት መጽሔት ላይ የወጣች ስድስት ገጽ ብቻ የሆነች ጽሑፍ ናት። ርእሰ ነገሯ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው ቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ነው። ሁላችንም «ሰማንያ አሐዱ» ሲባል ሰምተናል። ሰማንያ አንዱ እነማን ናቸው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ሰማንያ አንድ ብሎ ይጀምርና ሲዘረዝራቸው 73 ብቻ ሆነው ይገኛሉ፤ 46 የብሉይ፣ 27 የሐዲስ። የአማርኛው ትርጓሜ ይህን ጉድለት አይቶ አላለፈም፤ አራቱን ሲኖዶስ፣ ሁለቱን መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስንና ዲድስቅልያን ጨምሮ ስምንቱን ሞላቸው፤ ሐዲሱም 35 ሆነ። በሌላው አቈጣጠር ደግሞ ሐዲሱ በ27 ይረጋና ብሉዩ 54 ይሆናል፤ ድምሩ ያው 81 ነው። ካውሊ የመጀመሪያውን ሰፊው፣ ሁለተኛውን ጠባቡ ቀኖና ብሎ ለይቷቸዋል። ከእርሱ ወዲህ ስለ ጉዳዩ የሚጽፍ ሁሉ፣ ስሙን ቢጠራም ባይጠራም፣ በዚህ አከፋፈል ይጠቀማል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ሌላ አውሮፓዊ ቢሆን ኖሮ ይህን ነገር «የቆጠራ ስሕተት» ብሎ በግርጌ ማስታወሻ ይዘጋው ነበር። ካውሊ ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው እንዴት ይቆጥራሉ ብሎ ጠየቀ፤ ያገኘውም ስሕተት ሳይሆን አሠራር ነው። አኃዙ አይነካም፤ በአኃዙ ውስጥ ያለው ግን ይተረጐማል። ቁጥሩ ሥልጣንን ይጠብቃል፤ ዝርዝሩ ለሊቃውንቱ መንቀሳቀሻ ይተዋል። ስለ ሕገ መንግሥት ጽሑፍና ስለ ሕገ መንግሥት ልማድ ልዩነት በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ሴሚስተር ሙሉ ስንከራከር፣ ምሳሌው ሁሉ ከፊላዴልፊያና ከዌስትሚንስተር ሲጠቀስ፣ አንድም ጊዜ ፍትሐ ነገሥትንና የአማርኛ ተርጓሚዎቹን ያነሣ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አላነሣሁም፤ ካውሊን እስካነብ ድረስ አላውቀውም ነበርና።

ሁለቱ ትልልቅ መጻሕፍት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው በ1983 ካምብሪጅ ላይ የታተመው፣ የዮሐንስ ራእይ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚተረጐም የሚያሳየው ነው። ካውሊ የታተመውን የአማርኛ አንድምታ ከግእዝ ትርጓሜዎች ጋር አያይዞ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ከእነርሱም በስተኋላ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ይጽፉ የነበሩትን ቅብጣውያን፣ ቡሉስ አልቡሺንና ኢብን ካቲብ ቀይሰርን፣ አሳየ። እንግሊዝኛው ደረቅ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። የአንድምታው አማርኛ የሚያላግጥበት፣ የቤትና የእርሻ ምሳሌ እያመጣ አድማጩን ፈገግ የሚያሰኝበት ቦታ ሁሉ በትርጉሙ ውስጥ እንደ ደንብ መጽሐፍ ይነበባል። ነገር ግን የአንድሙን ተራ አላፈረሰም፤ አምስቱን ፍች ወደ አንድ አላቀለጠም፤ ከመካከላቸውም ለአንግሊካን ጆሮ የሚጥመውን መርጦ አላስቀረም።

ይህን የምለው በራሴ ችሎታ ብቻ አይደለም። እዚህ ሚድታውን ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሌሊት የሚጠብቁ፣ በጎጃም ሐዲስ የተማሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ወሰድኩላቸውና በጠባቧ የዘበኛ ቤት ውስጥ፣ እኔ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ እርሳቸው ከአፌ እየነጠቁ ዋናውን በቃላቸው እየቀጠሉ፣ ሦስት ሌሊት ሄድንበት። መኪና የሚያስገባ ሰው ሲመጣ ካቆሙበት ቃል ይነሣሉ፤ ቃሉን እኔ እንጂ እርሳቸው አይረሱትም። ሁለት ጊዜ ብቻ «ቆይ! እንዲህ አይደለም» ብለው አስቆሙኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሰን ብናይ ስሕተቱ የእንግሊዙ ሳይሆን የእኔ ነበረ። በመጨረሻ «ይህ ሰው ተቀምጦ ሰምቷል» አሉ። ከእርሳቸው አፍ ይህ ትንሽ ምስጋና አይደለም።

ሁለተኛው መጽሐፍ በ1988 በዚያው በካምብሪጅ ታተመ፤ የኢትዮጵያን የመጽሐፍ ቅዱስ አተረጓጐም ከነዘዴውና ከነምንጩ የሚመረምር ነው። ካውሊ በዚያው ዓመት አረፈ። የመጽሐፉ ዋና ክርክር ለሁሉም ወገን የማይመች ነው፤ ስለዚህ ጠንከር ብዬ ላቅርበው። ቤተ ክርስቲያናችን በሃይማኖት ልጅነቷ የእስክንድርያ ናት፤ ጳጳስዋ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከግብፅ ይመጣላት ነበር፤ ንስጥሮስን ታወግዛለች። ስለዚህ አተረጓጐሟም እስክንድርያዊ፣ ማለትም ቃሉን ሁሉ ወደ ምሳሌና ወደ ረቂቅ ምሥጢር የሚስብ ሊሆን ይገባል ብሎ መገመት ቀላል ነበር። ካውሊ ቃል በቃል፣ ጥቅስ በጥቅስ ሲያነጻጽር ግን ያገኘው ሌላ ነው። የአንድምታው አጥንት አንጾኪያዊ ነው፤ ከቃሉ ታሪካዊ ትርጉም፣ ከተናጋሪው ማንነት፣ ከዘመኑና ከቦታው የሚነሣ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንዱ በር የታወቀ ነው፤ ዮሐንስ አፈወርቅ የአንጾኪያ ሰው ነበረ፤ ስለ ዕብራውያን መልእክት የጻፈው ድርሳን በግእዝ ተተርጉሞ በሊቃውንቱ እጅ ኖሯል። ሁለተኛው በር ግን ማንም ያልጠበቀው ነው። በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያረፈው፣ የንስጥሮስ መምህር ነው ተብሎ የሚወገዘው የሞፕሱስትያው ቴዎድሮስ ትርጓሜዎች ወደ ሱርስት ተመለሱ፤ በዘጠነኛው መቶ ዘመን የመርቭ ኢሾዳድ ሰበሰባቸው፤ ከዚያ የባግዳዱ ካህን፣ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን አጥ ጠይብ፣ እርሱም በ1043 ያረፈው፣ በዐረብኛ አቀናበራቸው። ይህ ሰው ከንስጥሮሳውያን ወገን ነበረ። የእርሱ ትርጓሜ በግብፅ ቅብጣውያን በኩል አልፎ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ ከግእዝም በጎንደር መምህራን ቃል አማርኛ ሆነ። የኢትዮጵያ ሊቅ በጉባኤው ንስጥሮስን እያወገዘ፣ በዚያው ጉባኤ የንስጥሮሳዊውን ትርጓሜ ያወርድ ነበር ማለት ነው። የኔታ ይህን ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው «ወርቅ ከጭቃም ይወጣል» አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ስለ ታሪካችን የተነገረን ሁሉ በዚህ ይናጋል። አንድ ወገን፣ ከጊበን ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ ለሺህ ዓመት ያህል ዓለምን ረስታ በተራራዋ ላይ ተኝታ ኖረች ይላል፤ የካውሊ ሰንሰለት ግን ከባግዳድ እስከ ጎንደር ሲዘረጋ የእንቅልፉን ተረት ይበጥሳል። ሌላው ወገን ደግሞ ሁሉ ነገር ከእኛው አፈር በቀለ ይላል፤ ለዚህም ካውሊ ምቾት አይሰጥም። ሦስተኛው ወገን ልዩ ልዩ የአይሁድ ወግ ምልክቶችን እየለቀመ ኢትዮጵያን በቀጥታ ከኢየሩሳሌም ጋር ማገናኘት ይወዳል። ልብ በሉ፤ ካውሊ በአይሁድ ጉዳይ በቆመ ሚስዮን ሥር የሠራ ሰው ነው፤ ይህን ሦስተኛውን አስተያየት ቢያጋንን ለሚስዮኑ ይጠቅመው ነበር። እርሱ ግን በአንድምታው ውስጥ የአይሁድን ትርጓሜ የሚመስለው ነገር አብዛኛው በሱርስትና በዐረብኛ ክርስቲያኖች እጅ አልፎ የመጣ መሆኑን እያሳየ አስተያየቱን አቀዘቀዘው። ሰውን የምመዝነው በወረቀቱ ላይ ካለው ማዕርግ ሳይሆን ማስረጃው ከጥቅሙ ጋር ሲጋጭ በሚያደርገው ነው፤ በዚህ ሚዛን ካውሊ ከብዙ ተራማጅ ነን ባዮች ይበልጣል።

ታዲያ ለምን ተዘነጋ? ጨርሶ ተረሳ ማለት ሐሰት ይሆናል። ኪርስተን ስቶፍሬገን ፔደርሰን በ1995 በመዝሙረ ዳዊት ትርጓሜ፣ መርሻ አለኸኝ በ2011 በኦሪት ዘፍጥረት ትርጓሜ፣ ኮሪያዊው ኬዎን ሳንግ አን በ2015 ስለ ኢትዮጵያውያን የመጽሐፍ ቅዱስ አነባበብ ያሳተሟቸው መጻሕፍት እርሱ በጠረገው መንገድ የሄዱ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በአንድ ጠባብ መደብ ውስጥ ይነበባሉ። የካውሊ ሁለት መጻሕፍት የታተሙት በዩኒቨርሲቲው የምሥራቃውያን ጥናት ተከታታይ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንት ከሚቆሙበት መደርደሪያ ፊት አይደሉም። ቴዎድሮስን የሚያጠና የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር የቴዎድሮስ ልጅ ልጅ በአማርኛ ሕያው ሆኖ በደብረ ማርቆስ ገጠር እየተነገረ መሆኑን አያውቅም፤ ቢያውቅም እንደ ጌጥ እንጂ እንደ ምስክር አይቈጥረውም።

በእኛ በኩል ያለው ምክንያት ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል። የቤተ ክህነቱ ሰው በሚስዮናዊነቱ ጠረጠረው። የአገር ወዳዱ ሰው ምንጩን ከውጭ ስላመጣ ከፋበት። ግራ ክንፉ፣ ማለትም የእኛ አባቶች ወገን፣ አንድምታውን ከጉልትና ከፊውዳል ሥርዓት ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ ወደ ታሪክ ቆሻሻ ጣለው፤ ዕቃው የማን እንደ ሆነ ግን አልጠየቀም። አንድምታን በቃሉ ይዞ ያቆየው ባለ ጉልቱ መስፍን አልነበረም፤ ቁራሽ ለማኙ የድኻ ልጅ ነበረ። ሰፊው ሕዝብ የራሱ ዕውቀት የለውም የሚለውን ስድብ ከባላባቱ አፍ ተቀብለን በተራማጅ ቋንቋ ደገምነው። ለዚህ የታሪክ ፍርድ አያስፈልግም፤ የቀድሞ መጽሔቶቻችንን ገልጦ ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል።

ይህን ካልኩ በኋላ በካውሊም ላይ ያለኝን ሂስ አልሰውርም። የእርሱ ዘዴ ምንጭ ፍለጋ ነው። ምንጭ ፍለጋ ደግሞ ሳይታሰብ የአገራችንን ሊቅ ተቀባይ ብቻ፣ የሌላው እህል የሚከማችበት ጎተራ ያስመስለዋል። ካውሊ ራሱ መምህራኑ እንደ መረጡ፣ እንዳደራጁ፣ እንደ ጨመሩ ይመሰክራል፤ ክብደቱን ያሳረፈው ግን ከየት መጣ በሚለው ላይ እንጂ ምን አደረጉበት በሚለው ላይ አይደለም። የባግዳዱ ሐኪም ቃል በጎንደር በገበሬ ምሳሌ ሲነገር ያው ቃል ነውን? አምስት ፍች በየትኛው ተራ ይደርደሩ ብሎ መወሰን፣ ለማን አስቀድሞ «አንድም» ማለት፣ ይህ ራሱ ፍርድ ነው፤ ፍርዱ ገና አልተጻፈም።

ከዚህም ሌላ መሬቱ አለ። ካውሊ የትምህርቱን ሥርዓት ይገልጻል፤ ነገር ግን መምህሩን ማን ያበላ ነበር፣ ወንበሩ በማን መሬት ላይ ተተከለ የሚለው የእርሱ ጥያቄ አልነበረም። ላይ ቤት ተዳክሞ ታች ቤት እንዴት አሸነፈ? በትርጓሜው ብልጫ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን የፖለቲካ ተማሪ ትምህርቱን ቢለውጥ ይሻለዋል። ሹመቱ፣ ርስቱና ጉልቱ፣ የቤተ መንግሥቱ ጆሮ በዚህ ውስጥ ነበሩበት። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሬትም ተወረሰ። አዋጁን እደግፋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ለጭሰኛው መውጣት ነበረበት እላለሁ። ነገር ግን ያ ቀን ጉባኤዎቹ ከምን ይበሉ የሚል ጥያቄ አስነሥቷል፤ ይህን ጥያቄ የመመለስ ዕዳ ያለበት አዋጁን የጠየቀው ትውልድና ወራሹ እንጂ እንግሊዛዊው ቄስ አይደለም።

አንድ ፈተና ደግሞ አለ፤ እኔም ለጥቂት ሳምንታት ወድቄበት ነበር። ይኸውም «አንድም» የዴሞክራሲ ሥር ነው፣ አባቶቻችን የሐሳብ ልዩነትን በአንድ ገጽ ላይ ያስተናግዱ ነበር የሚለው ጣፋጭ ሐሳብ ነው። ካውሊን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ይህን ሊል አይችልም። «አንድም» ፍች ያበዛል፤ ሃይማኖትን ግን አያበዛም። የሚፈቀደው ሁሉ አስቀድሞ በተዘጋ አጥር ውስጥ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው «አንድም» አይባልም፣ ይወገዛል። በ1878 በቦሩ ሜዳ የካራ፣ የቅባትና የጸጋ ክርክር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በተዘጋ ጊዜ ለተሸነፉት «አንድም» አልተባለላቸውም። ይህን መናገር የአንድምታውን ክብር አይቀንስም። ያለውን እንዳለ ማወቅ ነው፤ የዛሬን ምኞት በትናንት ብራና ላይ መጻፍ ከትርጓሜ ስሕተቶች ሁሉ የከፋ መሆኑን የሚያውቁት ሊቃውንቱ ራሳቸው ናቸው።

ወደ የኔታ ልመለስ። ሦስተኛው ሌሊት ሲነጋጋ የ1972ቱን ጥናት ቅጂ አውጥቼ የመምህራኑን ሐረግ አነበብኩላቸው። ከመምህር ኤስድሮስ ጀምሮ ስም በስም ስወርድ በጣታቸው እየቆጠሩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አንዱን ስም ስጠራ ተነሥተው ቆሙ፤ የመምህራቸው መምህር ነበሩ። ከዚያ በታች ዝርዝሩ ያበቃል። «የእኔ መምህርስ?» አሉ። የሉም አልኳቸው። «ጻፋቸው» አሉኝ። ቅጂው የቤተ መጻሕፍት ነው፣ አይጻፍበትም ብላቸው ከመኪና ማቆሚያው የደረሰኝ ጥራዝ አንድ ቅጠል ገነጠሉና ሰጡኝ፤ ስሙን ከነአገሩ፣ ከነደብሩ፣ ወንበር ከተከሉበት ዓመት ጋር እየነገሩኝ ጻፍኩት። ወረቀቱን አጥፌ በገጹ መካከል አስገባሁት።

ሚድታውን፣ አትላንታ